ከአደጋ ጊዜ መውጫው በር ፊት

አጎቴ መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ የገበያ ሕንፃ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እኔ እዚያው ምድር ቤት ሞባይል ስለምጠግን ሰኞ ሰኞ ጠዋት አያቸው ነበር። የእሳት ማጥፊያዎቹን ከመስቀያቸው እያወረዱ፣ ውስጣቸው ያለው ዱቄት እንዳይጋገር ገልብጠው እንደ ሕፃን ጀርባቸውን ቸብ ቸብ ያደርጓቸው ነበር።

መጨረሻ የሚመጡት እኛው ምድር ቤት ወዳለው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ነው። አንድ ሰኞ ተቆልፎ አገኙት።

«ቁልፉ የት ነው?»

«ዘበኛው ጋ ነው፣ ጋሼ። ሌባ ፈርተን ነው» አለች ከበሩ አጠገብ ጫማ የምትሸጠው ዘሀራ።

«ዘበኛውስ?»

«ቁርስ ሊበላ ወጥቷል።»

«ጥሩ። እሳቱም እሱ በልቶ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም። ዘሀራ ግን የጫማ ካርቶን በሩ ፊት መደርደሯን አልተወችም። አጎቴ አይቆጡም፤ ተሸክመው ወስደው ወንበሯ ላይ ይከምሩትና «ዛሬ ቆመሽ ሽጪ፣ ልጄ» ይሏታል። እሷም እየሳቀች ትቆማለች።

እሳቸውን ከቀበርን በኋላ በነበረው ሰኞ አዲስ ጫማ ገባላት። ካርቶኖቹን በሩ ፊት ደርድራ ሳትጨርስ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«ውይ፣ ጋሼ መጡ» አለች ሳታስበው።

የመጣው ደንበኛ ነበር። ተያየን። ከዚያ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አንስታ የራሷ ወንበር ላይ ከመረቻቸው፤ እስኪመሽም ቆማ ሸጠች።

ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት። በሩ ፊት ምንም የለም።