እጃችንን ነጠላችን ውስጥ ከተን

ዓርብ ማለዳ፣ ማኪንድዬ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የልጄ ልጅ ሕሊና ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ ታጠናለች። «እምዬ፣ አንቺ ካለሽ እዚህ ሰው አገር ያሉት የእኛ እናቶች ደፍረው ያወሩኛል» ብላ አስከተለችኝ። ቀዩ አፈር ጤዛው አልለቀቀውም። ታክሲው ውስጥ ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ጥሬ ሙዝ እግራችን ስር ተከምሯል። ሾፌሩ «ጃጃ፣ ደህና ያዢ!» ይለኛል፤ ጃጃ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

ረፋድ፣ ቡጎሎቢ

የመጣንላት እናት ሰብለ እዚህ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ልጇ ናሆም በሩ ላይ ቆሞ የጀሪካን ክዳን ያሽከረክራል፤ አፉን አልፈታም። እንደ ወጋችን ሳብ አድርጌ አንዱን ጉንጩን ስሜ ወደ ሌላው ሳልዞር ጮኸ፤ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ገባ።

«ይቅርታ እማማ፣ ሰው ሲነካው ይጨንቀዋል» አለች ሰብለ። ይቅርታው የእኔ ነበር፤ ቀደመችኝ። ለካ ለምዳዋለች።

ሻይ ቀዳችልንና ለሕሊና ማውራት ጀመረች። «የማይስመው ሰው የለም። እሱ ይጮሃል፤ ከዚያ ‹ጸበል አልሞከርሽም?› ይሉኛል። ስለዚህ ቤቴ ቁጭ አልኩ። እሑድ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ናሆምን የምተውበት የለኝም። ዛሬ ሌላ ሰው ፈልጊ ልላት ነው።»

«እንዳትደውዪ» አልኳት። «ናሆምን ይዘሽው ነይ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ለእኔ ተዪያቸው።»

ቅዳሜ፣ ማኪንድዬ

ዳገት ቁልቁለቱን በእግሬ ዞርኩት፤ የማውቃትን ሁሉ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነገርኩ። ጎረቤቴ አስቴር ሳቀችብኝ።

«ሕፃን አይቼ ሳልስም? ታዲያ እጄን ምን ላድርገው?»

«ነጠላሽ ውስጥ ክተቺዋ!»

«አፌንስ?»

«እሱንም!»

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ

ሰብለ ናሆምን እጁን ጨምድዳ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። አየችንና ቆመች። እኛ ግራና ቀኝ ተሰልፈናል፤ ሁላችንም እጃችንን ነጠላችን ውስጥ ከተናል፣ ብርድ የመታን ይመስል። ፀሐዩ ግን ያቃጥላል።

«ኧረ ይሄ ጉንጭ እንዴት ይታለፋል!» አለች አስቴር በሹክሹክታ። በክርኔ ጎሰም አደረግኳት።

ናሆም እጁን ከእናቱ አስለቅቆ፣ ክዳኑን እያሽከረከረ በመሃላችን አለፈ። ማናችንንም አላየም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ጥላ ስር ሄዶ ቁጭ አለ። ሰብለ ቆማ ጠበቀች፤ የሚጮህ መስሏት ነበር። አልጮኸም።

ከውስጥ ተጠራች። «ሂጂ፣ እኛ እናየዋለን» አልኳት። ሕፃኗን ለመቀበል ገባች፣ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ።