አንድ እሑድ የተነፈገው ሰው

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ የቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር። የደወለው የታናሽ ወንድሟ አለቃ ነው።

«እህቱ ነሽ? እግዜር ያጽናሽ። ወንድምሽ ቢሮ ደረጃ ላይ ወድቆ… አርፏል።» ትንፋሽ ሳይሰጣት ቀጠለ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የይለፍ ቃሉን የት እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ? ሲስተሙ ቆሞብናል።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አላውቅም ጌታዬ» አለችው።

ወንድሟ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የበሽተኞች መዝገብ ያለበትን ዳታቤዝ አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቋል። አላገባም፤ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነበር። ማታ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ገባትም አልገባትም፣ የሥራውን ነገር ያወራታል።

አለቃው ሥራ ይፋጠን ብሎ መዝገቡን የሚያስተናግድ ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉትን፣ ያስገባ ለት ሆስፒታሉ አጨበጨበ። ሳምንት ሳይሞላ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ደረሰ።

«ሁለት ሆነው እንዴት ይብስባቸዋል?» ብላ አንድ ማታ ወንድሟን ጠየቀችው።

«እትዬ፣ አንቺና ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሰፊ ያላችሁ የልክ ደብተር አንድ ነው እንበል። እሷ አንድ መስመር ልትጽፍ ካንቺ ታስመጣለች። አንቺም ወዲያው መልሰሽ ታስመጫለሽ። ቀኑ በምን ያልቃል?»

«በመላላክ ነዋ!»

«የእኛዎቹም እንደዚያው ናቸው። ቀጣዩ የካርድ ቁጥር ያለው አንድ ገጽ ላይ ነው። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ያ ገጽ ካንዱ ሰርቨር ወዳንዱ ይመላለሳል።»

መላውንም ያውቀው ነበር። ለአንደኛው ሰርቨር አንድ ሺህ ቁጥር፣ ለሁለተኛው ሌላ አንድ ሺህ አስቀድሞ መስጠት ነው፤ ያኔ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። መሞከሪያ አንድ እሑድ ብቻ ለመነ።

አለቃው ግን የቀኑን በሽተኛ ብዛት ለበላዮቹ የሚያቀርበው የመጨረሻውን ካርድ ቁጥር አይቶ ነው፤ ቁጥሩ ተራውን ከዘለለ ቆጠራው ይፋለስበታል።

«ቁጥሬን ልታዘበራርቅብኝ?» አለው ስብሰባ መሐል። «ዔሊ! የነካኸው ሁሉ ይንቀረፈፋል።»

ቤቱ በሳቅ አወካ። ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው ሳይቀር «ዔሊው» ይለው ጀመር። ሰልፍ ያንገሸገሻቸው አስታማሚዎች ሲጮሁም አለቃው ጣቱን ይቀስርበታል፦ «ባለሙያው ያውላችሁ!» አባቱ ሰልፍ ላይ የሞተበት አንድ ጎልማሳ ፊቱ ላይ ተፋበት። ያን ቀን ቤት ገብቶ ታጠበና፣ «እውነቱን ነው» አለ። እህል አልቀመሰም።

ሰባት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ፤ ሰባቱም «አይፈቀድም» ተብሎበት ተመለሰ። ደረጃው ላይ የወደቀው ስምንተኛውን ይዞ ወደ አለቃው ሲወጣ ነው።

ወረቀቱ ከመነጽሩና ከቁልፉ ጋር ተጠቅልሎ ለእህቱ ተሰጣት። በሳምንቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ይዛው ሄደች።

«ጌታዬ፣ እባክዎ፣ ይችን ነገር ይሞክሩለት።»

አለቃው ሳይገልጠው መለሰላት። «አሁን ደግሞ አንቺ ጀመርሽ? ሦስተኛ ሰርቨር እየመጣ ነው፤ እሱ ይገላግለናል።»

ሦስተኛው መጣ። ገጹ አሁን በሦስት መሐል ይንከራተታል፤ ሰልፉ ማለዳ ጀምሮ እስከ መስቀለኛው መንገድ ይደርሳል። ወንድሟ የጠየቀው ለውጥ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። እስካሁን አልተደረገም።