ሰባት ጊዜ የታጠበ ዶሮ

ማግዳሌናን ሰፈሩ «በሽታ አርቢዋ» ይላታል። እኔ ስሰማ ዝም እላለሁ። እንግዲህ የምነግራችሁ ይሄንኑ ዝም ማለቴን ነው።

ጁባ፣ ሙኑኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ እኔ ከፊት፣ ምግብ ቤቴ ባለበት። ስሜ ሮማነወርቅ ነው፣ ሰዉ እትዬ ሮማን ይለኛል። ማግዲ ጋምቤላ በስደት አድጋ፣ አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ይዛ፣ ሰላሙ ሲፈረም አገሯ ደቡብ ሱዳን የተመለሰች ልጅ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር። እኔ ስናደድ ያፌን አላውቅም፤ እሷ ስትናደድ ቃል ትመርጣለች። በዚህ ሁሌም እንደተጣላን ነው።

የምትሠራው ኮሎሎ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዋ ከውጭ በረዶ ሆኖ የሚገባውን ዶሮ መመርመር ነው። ከሥጋው ቆንጥራ ፈሳሽ ውስጥ ትከትና አንድ ቀን ሙሉ ሙቀት ላይ ታቆየዋለች። በነጋታው ወደ ሌላ ፈሳሽ ታዛውረዋለች፣ ደግሞ አንድ ቀን። ከዚያ ቀይ ጄሊ በረጋባት፣ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ላይ ትቀባዋለች፣ ደግሞ አንድ ቀን። ሳልሞኔላ የሚሉት ክፉ ባክቴሪያ ካለ በቀዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል።

«ታዲያ እስከዚያ ዶሮው ተበልቶ፣ በልቶ የታመመውም ድኖ ሥራ ገብቶ የለ?» እላታለሁ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሮማን» ትለኛለች።

ይሄ «አውቃለሁ» ነው የሷ ነገር። ታውቃለች፣ ምንም ማድረግ ግን አትችልም። ጥቁር ነጠብጣብ ስታገኝ ሪፖርቷን ይዛ አለቆቿ ኦፊስ ትሄዳለች። «ቡክራ» ይሏታል፣ ነገ ነይ ማለት ነው። ነገ ስትሄድ ካርቶኑ ተሸጦ አልቋል። አንድ ቀን እንዲህ ሆና ስትመለስ አይቼ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ተረትኩባት። ፈገግ አለችልኝና ክፍሏ ገባች።

በፈረንጆቹ 2009 ወንድሟ ዱኦት ሊያገባ ሆነ። ለሠርጉ እናታቸው ማማ ዩኒስ ከጋምቤላ መጣች። ማግዲ ለአራት ዓመት ስለናቷ ስታወራልኝ ስለኖረች አንዲት ግርማ ያላት ሴት ጠብቄ ነበር፤ ከመኪናው የወረደችው ግን ኩምትር ያለች፣ ነፋስ የሚወስዳት አሮጊት ናት። ሆዷ ድሮ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ተጎድቶ ትንሽ ነገር ያሳምማታል። ማግዲ ውሃ እያፈላች፣ እያቀዘቀዘች ነበር የምታጠጣት። «እሷን ይዤ ልክረም እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ አንድ ቀን፣ የናቷን ቀሚስ እያሰጣች። ከአፏ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ለሠርጉ ሦስት በሬ ተጥሏል። ሙሽራው ግን ኢትዮጵያ ያደገ ነውና ዶሮ ወጥ ካልቀረበ ሠርግ አይባልም አለ። ወጡን የምሠራው እኔ፣ ዶሮው የሚመጣው ጀበል ገበያ ጅምላ ከሚያከፋፍለው ከኢስሃቅ። ኢስሃቅ ክፉ ሰው አይደለም። ነዳጅ ሲጠፋ የማንም ጄኔሬተር ይቆማል፤ ፍሪዘሩ ሲቆም ዶሮው ይቀልጣል፣ ሲነሳ መልሶ በረዶ ይሆናል። ማን ይከሰሳል?

ያዘዝነው ስድስት ካርቶን ዶሮ ሰኞ እንደመጣ ማግዲ ቆንጥራ ወሰደች። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ውጤቱን አየዋለሁ ብላ ነበር። ማክሰኞ የላቦራቶሪው ነዳጅ አለቀ። ማሞቂያ ሳጥኑ ቀዘቀዘ፣ የጀመረችውም ተበላሸ።

ረቡዕ እንደገና ጀመረች። አሁን ግን ፈሳሹ ያለባትን ጠርሙስ በፕላስተር አሽጋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በነጠላ ሆዷ ላይ አሰረቻት። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ማሽኑ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፣ የሰው ገላም ሠላሳ ሰባት ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየኋት ቁጥር «መቼ ነው የምትገላገዪው?» እያልኩ ቀለድኩባት። ሐሙስ ጠርሙስ ቀየረች። አርብ ቀይዋን ሳህን አሰረች። እንቅልፍ እንኳ በጀርባዋ ነበር የምትተኛው።

አርብ ከሰዓት ዱኦትን «ዶሮው ይቅር፣ በሬው ይበቃል» አለችው።

«ሪዘልት አለሽ?» አላት።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ሲደርስ ንገሪኝ» ብሏት ሄደ። እሷም ሌላ ማድረግ የቻለችው አንድ ነገር ነው። እናቷን እጇን ይዛ «ማማ፣ ነገ ዶሮውን እንዳትነኪ» አለቻት። አሮጊቷም እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ ማጠብ ጀመርኩ። እኔ ባደግኩበት ዶሮ በደንብ የማታጥብ ሴት ባለሙያ አትባልም። ብልቱ ይለያል፣ በሎሚና በጨው ይታሻል፣ ውሃው የሚጠጣ እስኪመስል ይለቀለቃል። እኔ ሰባት ውሃ ነው የማጥበው፤ ለአንድም ሰው ቢሆን ሰባት፣ ለሠርግም ሰባት። ሁለት በርሜል ውሃ ተገዝቶልኝ ነበር። ያ ሁሉ ዶሮ በትልቁ ሳፋ እየተገለበጠ፣ ውሃው እስከ ክርኔ እየተረጨ፣ ሴቶቹ እያዩኝ፣ ኮርቼ ነበር።

ማግዲ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ሮማን፣ እባክዎን አይጠቡት። እንዳለ ድስት ውስጥ ይክተቱት። ባክቴሪያውን እሳቱ ይገድለዋል፤ ውሃው ግን ለዕቃው ሁሉ ያዳርሰዋል።»

ንዴቴ መጣ። በሰው ፊት፣ በሙያዬ! «ሰማችሁ?» አልኩ ወደ ሴቶቹ ዞሬ፣ «ባለዲፕሎማዋ ዶሮ በእድፉ ብሉ ትላለች።» ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። እሷ ሆዷ ላይ ያሰረችውን በእጇ ደገፍ አድርጋ ተነሳች። ሁለተኛ አልተናገረችኝም።

ሰባተኛው ውሃ ሲፈስ በርሜሉ ተሟጠጠ። የውሃ ቦቴው አልመጣም። ሳፋውን በቀረችኝ አንድ ጣሳ ውሃ ለቅለቅ አደረግኩትና ሰላጣውን ከተፍኩበት፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጅርጅር የሚሉት ቅጠል። በላዩ ፎጣ ጣል አድርጌ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ግን የጁባ ጥላ ምን ጥላ ነው፣ እሱም ያው ሙቀት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ምግብ ቀረበ። ማማ ዩኒስ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዶሮውን ሳትነካ ስታሳልፍ አየሁና አንጀቴን በላችኝ። ራሴ ሄጄ ሰላጣውን ቆልዬ፣ ዳቦ ጨምሬ ሰጠኋት። «ይሄ ቀለል ያለ ነው፣ ይብሉ» አልኳት። መረቀችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ማግዲ ወደ ማብሰያው መጣች። ከቀሚሷ ሥር ሳህኗን ፈትታ አወጣች። በቀዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ይመስላል።

«አለ» አለችኝ።

«ወጡ አምስት ሰዓት ተንተክትኳል እኮ።»

«ወጡን አልፈራሁም። ያጠቡበት ሳፋ የት ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። ሥሩ ላይ የተረፈ ጅርጅር ነበር። አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች። እናቷ የሰላጣውን ውሃ በዳቦ እየጠረገች ነበር። ማግዲ አልሮጠችም። ምን ልታደርግ ትሮጣለች? የተበላ አይመለስ። ሳህኗን እንደያዘች ቆማ ቀረች፣ ሴቶቹም ከሆዷ ስታወጣት አይተዋል።

እሑድ ሰው መታመም ጀመረ። ጎረምሳው፣ ሙሽራው፣ እኔም ሳልቀር ሦስት ቀን ሆዳችንን ይዘን ተነሳን። ማማ ዩኒስን ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ጉሉኮስ ተሰጣት፣ መድኃኒትም ተሰጣት። ማግዲ የእናቷን እግር ይዛ ተቀምጣ የባክቴሪያውን ስም ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው፤ እነሱም የሚችሉትን አደረጉ። አሮጊቷ ረቡዕ ጠዋት ሞተች። የሠርጉ ድንኳን ገና አልፈረሰም ነበርና ለቅሶው እዚያው ሆነ።

ለቅሶ ላይ ወሬው ተነሳ። በሽታውን በሆዷ ታቅፋ ሠርግ ቤት ያስገባችው ማግዳሌና ናት ተባለ። አይተናል፣ ከቀሚሷ አውጥታዋለች አሉ። በሦስተኛው ቀን ዱኦት ዓይኑ ቀልቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ ሮማን፣ ስታወጣው እርስዎ አጠገቧ ነበሩ። ማማን የገደለችው እህቴ ናት?»

ሳፋው እዚያው በአጥሩ ተደግፎ ቆሟል። በአራት ዓመት ያቆምኩት ምግብ ቤት መጣብኝ፣ ስሜ መጣብኝ፣ የሴቶቹም ሳቅ መጣብኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አልኩት።

ማግዲ ሁለት ወንበር አልፋ ነበር የተቀመጠችው። ሰምታኛለች። ዱኦት ተነስቶ በፊቷ አለፈ፣ ቀናም ብላ አላየችው።

ከአርባው በኋላ አላስችል አለኝና ክፍሏ ሄድኩ። «ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት፣ እኔው ራሴ ደብቄው ሳለ።

«ምን ብዬ?» አለችኝ። «ዶሮውን አትንኪ ያልኳት እኔ ነኝ። ሰላጣው ላይ የላኳት እኔ ነኝ።»

ስለ ሳፋው አንድም ቃል አላነሳችም። ብትሰድበኝ ምናለበት ብዬ አለቀስኩ። እሷ ውሃ ሰጠችኝ፤ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን፣ ለእናቷ ከምታስቀምጥበት ጀሪካን ቀድታ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይሄው ሁለት ዓመት አለፈ፣ አገሪቱም ነፃ ወጣች። እኔ ዶሮ አላጥብም። እንዳለ ድስት ውስጥ እከተዋለሁ፣ ሳፋውንም ጥዬዋለሁ። እትዬ ሮማን ዶሮ ሳታጥብ ነው የምትሠራው ተብሎ ስንት ደንበኛ ሸሸኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዱኦትማ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መለስኩት።

ትናንት ዱኦት ምሳ ሊበላ መጣ፣ ዶሮ ወጥ አዘዘ። ግማሹን እንደበላ ማግዲ ከሥራ መጥታ በር ላይ ቆመች። እጁን ሳይታጠብ ተነሳና በአጠገቧ ወጣ። እሷ የተወውን ትሪ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ፎጣዬን ይዤ ሄድኩና ምን ላምጣልሽ አልኳት።