ሁለት ሞተር፣ አንድ አባት

የእህቴን ባል ስለ ስቴፐር ሞተር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ለራሴ በቀን አሥር ጊዜ እለው ነበርና።

ከተጣለ ማተሚያ ውስጥ የነቀልኩትን ሞተር አፉላ ኢሊት ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ «እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ በውስጡ ላሉት የሽቦ ጥቅልሎች በየተራ ኤሌክትሪክ ስትሰጣቸው አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ያን ተራ የሚያስከብረው ሰርኪት ድራይቨር ይባላል» አልኩት። ድራይቨር ተሠርቶ ይሸጣል። እኔ ግን በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራንዚስተር ሳቃጥል ኖሬያለሁ። ከፕላስቲክ ፋብሪካው ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ብየዳ እጀምር ነበር። ሞተሬ ይዞራል፤ ግን ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ እርምጃ ይዘላል።

የእህቴ ባል ግን ድራይቨሩን በሦስት ወር ሠራው። ኮረብታው ላይ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ቤቱ ሄጄ ሳየው፣ እንጨት የሚቀርጽ፣ ጠረጴዛ የሚያህል ማሽን ሠርቶ፣ ሞተሮቹ ድምፃቸው እንኳ አይሰማም። ሳቅሁና «ጎበዝ!» አልኩት። በልቤ ግን ባጎረስኩ ተነከስኩ አልኩ፤ ማንም አልነከሰኝም። እንዲያውም የሰርኪቱን ሥዕል በወረቀት አድርጎ ሰጠኝ። ወረቀቱ ሳልገልጠው መኪናዬ ውስጥ ከረመ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ የአባቴ ነገር ባይኖርበት። አባቴ ጎንደር ሳለን ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። አሁን ጡረተኛ ነው፤ የሚኖረውም ከእኔ ጋር ነው። የእኔን ሞተር «ይሄ ነገር ዛሬም ያለቅሳል?» ብሎ ያልፈዋል። ያንን ማሽን ካየ ወዲህ ግን ምሳውን እንደበላ አውቶቡስ ይዞ ጊቫት ሃሞሬ ይወጣል፤ ሲመለስም ራት እስኪቀርብ ስለ አማቹ እጅ ያወራኛል። አንድም ቀን ስለ እኔ እጅ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። በአገር ቤት ብረት ስለምንቀጠቅጥ ቡዳ እያሉ ዓይናችንን ይፈሩ ነበር። ውሸት ነው። በዚያ ሰሞን ግን የእኔን ዓይን ቢፈሩት አይፈረድባቸውም።

አንድ ዓርብ ጧት አባቴ በእርሳስ የሣለውን ማረሻ ይዞ፣ «ይሄን በእንጨት ሊያወጣልኝ ነው፤ አንተም ና እይ» አለኝ። አብሬው ሄድኩ። የእህቴ ባል ማሽኑ ላይ አዲስ ሞተር ገጥሞ ጠበቀን። ሲያስነሳው ግን ወደ ግራ መሄድ የነበረበት መቅረጫ ወደ ቀኝ ሄደ።

«ራጋ» አለ በዕብራይስጥ፤ «አንዴ ይታገሡኝ፣ አባ። ሽቦው ተገላብጦ ነው» አለና እጁን ወደ ሞተሩ መሰኪያ ሰደደ። ኤሌክትሪኩን አላጠፋም።

ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ ከነቀሉት ድራይቨሩ ይሞታል። በጥቅልሉ ውስጥ የነበረው ኃይል መሄጃ ሲያጣ ትራንዚስተሩን ይመታዋል። እኔ ይህን የተማርኩት ሁለት ድራይቨር ገድዬ ነው። ለእሱ አልነገርኩትም፤ መጀመሪያ ረስቼ፣ በኋላ ሆን ብዬ። ማጥፊያው በእኔ በኩል ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። «ተው!» ብልም ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ጧ አለ፤ ጭስ ጭስ ሸተተን። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

የእህቴ ባል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሐሽማሉን፣ ኤሌክትሪኩን ሳላጠፋ ስለነቀልኩት ይሆን?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር?»

አባቴ ቀደመኝ። «እሱ ምኑን ያውቃል? ቢያውቅማ ዝም ብሎ ያይህ ነበር? ወንድምህ አይደለም እንዴ?» ከዚያ ለእኔ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ገና እየተማረ ነው» አለው።

ሁለት ዓመት የለፋሁበትን፣ ከአማቹ በፊት የማውቀውን ነገር ለአባቴ የምናገርበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አዎ»። ያችን ቃል ካወጣሁ ግን ለምን ዝም እንዳልኩም ማወቁ አይቀርም። ሁለቱም ያዩኛል።

«አላወቅሁም፣ አባየ» አልኩ።

አባቴ አመነኝ።