ከወንዛዬ ደብረ ታቦር፦ የማትገኘዋን ማደሪያችንን ፍለጋ

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ በማለዳ ከወንዛዬ ተነሣሁ። ጉዳዬ ለሽማግሌ የሚያስቅ ነው፤ ማደሪያችን ኢንተርኔት ላይ ለምን እንደማትገኝ ልጠይቅ ነው። ፍል ውኃው አጠገብ አራት ክፍል አለን፤ የምታስተዳድራቸው ልጄ የውብዳር ናት። ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ግን ስልኩን እያየ ሌላ ቤት ይሄዳል። እሷም በቅርቡ ሰው ካልመጣ ቤቱን ዘግታ ባሕር ዳር ሥራ ልትፈልግ ቆርጣለች። እኔ ብቻዬን መቅረቴ ነው።

እስከ ሐሙሲት በባጃጅ፣ ከዚያ እስከ ወረታ በሚኒባስ፣ ከወረታም በሌላ መኪና ሄድኩ። ሜዳው አልቆ ዳገቱን ስንያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ፤ ጋቢዬን ደረብኩ። ዓለም በር ላይ ጎማ ሲቀየር ከረዳቱ ጋር ቆሎ እየተካፈልን የምሄድበትን ነገርኩት።

"እኔ ተሳፋሪ የማገኘው በጩኸት ነው" አለኝ እየሳቀ፤ "አንቱም መናኸሪያ ቆመው ቢጣሩ ይሻል ነበር።"

ደብረ ታቦር ስድስት ሰዓት ገደማ ገባሁ። መምህርት ሰናይት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከደቡብ የመጣች ሴት ናት፤ አምና እኛ ዘንድ አድራ ነበር። በዓለ ሃምሳ ነውና ጥብስ ጋበዘችኝ፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እንደማያውቀን መንገደኛ ሆና "ወንዛዬ ፍል ውኃ ማደሪያ" ብላ ጻፈች። የሰው ቤት ተደረደረ፤ የእኛ የለም። የቤታችንን ስም ስትጽፍ ብቻ ማደሪያችን ብቅ አለች። ከስሟ ሥር ያለውን መስመር ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው።

"ቤታችን ጎጆ ናት፤ ለእናንተ የምትመጥን አይደለችም።"

ቃሉ የእኔ ነው። የኢንተርኔት ገጹን የሠራልን የሐሙሲት ስልክ ነጋዴ ምን ልጻፍ ሲለኝ፣ እንግዳን ደጃፍ ላይ እንደምቀበለው አድርጌ ነገርኩት። ፍል ውኃውንም አላነሣሁለት፤ ማን የማያውቀው አለ ብዬ።

"አባባ፣ እኔ ይህን ሲሉኝ ፊትዎን አይቼ ነው የገባሁት" አለችኝ። "በስልክ የሚያነበው ፊትዎን አያይም፤ እውነት መስሎት ያልፋል።"

"ታዲያ ራሴን ላወድስ?"

"አያወድሱ። እንግዳ ከመኪና ሲወርድ የሚጠይቅዎትን ይመልሱለት።"

ይህንስ አውቃለሁ። ከውኃው ምን ያህል ይርቃል፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው የሚያስቸግር ደረጃ አለ ወይ፣ የጾም ምግብ ይገኛል ወይ፣ መኪና የት ይቆማል። እኔ እየተናገርኩ እሷ ጻፈች። ቤቱን ካርታው ላይ አስቀመጠችው፤ የተቀየረውን ስልካችንንም አስተካከለች። ያደረ እንግዳ ሲሄድ ስለ ቤቱ አንድ ቃል እንዲጽፍልን እንድንለምነውም ነገረችኝ። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ አዲሱን ጽሑፍ እስኪያውቀው ሳምንታት ሊፈጅ እንደሚችልም አልደበቀችኝም።

በማግስቱ ቤቴ ስገባ የውብዳር የሻንጣዋን አቧራ ስትጠርግ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። "እንግዳውን ያባረርነው እኛው ነና" አለች፤ አልሳቀችም። ግንቦት እስኪያልቅ ልትቆይልኝ ግን እሺ አለች።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። አንድ ሰው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቱን ሊያመጣ ነው። "ደረጃ የሌለው ክፍል ያላችሁ እናንተ ናችሁ?" አለ። የውብዳር አዎ ካለችው በኋላ ሻንጣዋን ወደ አልጋው ሥር በእግሯ ገፋችው።

በሩቅ ላለ ሰው ያለውን እንዳለ መንገር ትዕቢት አለመሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። እናትየው ከመኪና ሲወርዱ ግን ክንዳቸውን ደግፌ፣ ደጃፉ ላይ ስንደርስ፣ "ቤታችን ጎጆ ናት፤ ለእርስዎ የምትመጥን አይደለችም" አልኳቸው።

ፊቴን አዩና ገቡ።