ለሁለት ራስ አንድ ፊልም

እናቴ ናጂያ ሶዶ ገበያ ዳር በርበሬና ቅመም በጅምላ ትሸጣለች። ከምትሸጠው የምታውሰው ይበዛል፤ ጃንጥላዋን፣ ሚዛኗን፣ የእኔን ጫማ ሳይቀር። "አላህ የሰጠኝ ብቻዬን እንድይዘው ነው?" ትላለች። ይህን ጠባይዋን ሰፈሩ ይወድላታል፤ የእኔን ጨጓራ ግን ልጦታል።

ዘንድሮ ራስ ምታቱ ሲጠናባትና ዓይኗ ብዥ ሲልባት ሲቲ ስካን ተነሣች። ዶክተር ያሬድ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለው። መሐል ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር አለች።

"ውሃ የቋጠረች እብጠት ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሆና ነበር የምትታየው" አለን። "ነጭ መሆኗ ግራ አጋባኝ። ምናልባት ውስጧ ያለው ውሃ ቆይቶ ወፍሮ ይሆናል። ዕጢ ከሆነች ግን ጭንቅላትዎ መከፈት አለበት። ከዚህ በፊት ተነሥተው ያውቃሉ? የድሮው ፊልም ላይም በዚሁ መጠን ካለች አንነካትም።"

ተነሥታ ታውቃለች እንጂ! የዛሬ ሦስት ዓመት ከባጃጅ ወድቃ። አጥንቷ ደህና ነው ሲሏት ሌላውን ሳትሰማ ፊልሙን ይዛ ወደ ሱቋ ሮጠች። ያነሣት ክሊኒክ ደግሞ ተዘግቷል።

"ፊልሙ የት አለ?"

"ጠፋ።"

"እንዴት ጠፋ?"

"ጠፋ አልኩሽ፤ ይክፈቱኝ።"

የሚከፈተው ሱቅ መስሏታል። ቤቱን ገለበጥኩት፣ የለም። ስነዘንዛት ሰንብቼ በመጨረሻ አወጣችው፦ ፊልሙ አስካለች ጋ ነው።

አስካለች ተበላ የምትባለው ከተማ ነጋዴ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ ጴንጤ ናት። ያን ጊዜ እሷንም ራሷን ያማት ነበር። እናቴ "ሕመማችን አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ መነሣት ምን ያደርጋል?" ብላ ፊልሙን አዋሰቻት። የራስ ፊልም! አስካለችም ፊልሙ ላይ የተጻፈው ናጂያ ስለሆነ ናጂያ ነኝ ብላ ካርድ አወጣች። ሐኪሙ "ጭንቅላትሽ ውስጥ ነጭ ነገር አለ" አላት። ስትጸልይ ከርማ እንደገና ብትነሣ ነጩ ነገር የለም። ጸሎት ቤት ቆማ መሰከረች፤ ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ።

እናቴ ይህን ወሬ ያኔውኑ ሰምታለች። ነጩ ነገር የማን ራስ ውስጥ እንዳለም ገብቷታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም!

"ታዲያ ምን ላድርግ? በሰው ፊት ላዋርዳት?" አለችኝ። ይሉኝታ ሰው ሲያከስር አይቻለሁ፤ ጭንቅላት ሲያስከፍት ያየሁት በእናቴ ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ ተበላ ወረድኩ። አስካለች ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" በሚለው አማርኛዋ "ና ግባ፣ ልጄ" አለችኝ። ልጮህባት ነበር የሄድኩት። የመጣሁበትን ስነግራት ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"ያ ነጭ ነገር የናጂያ ነው?" አለች። ፊልሙን ከሣጥን አወጣችልኝ። "ውሰድ። እሑድ ተነሥቼ ለጉባኤው እናገራለሁ።"

ዶክተር ያሬድ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቅሎ ለካ። "ምንም አላደገችም። የወፈረ አሮጌ ውሃ ነው፤ ራስ ምታቱና ብዥታው ከእሷ አይደለም። በየጊዜው እናያታለን እንጂ አንከፍትም" አለ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ ስለ ራሷ አንድ ነገር አልጠየቀችም።

"አስካለች ምን አለች?"

ነገርኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከቢላ አተረፍኳት፣ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ!

እሑድ ሂጃቧን አጥብቃ እኔን እየጎተተች ተበላ ወረደች። በዕድሜዋ ገብታ በማታውቀው ጸሎት ቤት የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስካለች ቆመች፤ ያ ፊልም የእሷ እንዳልነበረ እየተንተባተበች ተናገረች። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ያኔ እናቴ ብድግ አለች።

"ፊልሙ የእኔ ነው" አለች። "ሕመሙ ግን የእሷ ነበር። ራሷን ይዛ ስታለቅስ ሱቄ ውስጥ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ታማ ነበር፤ ድናለች። እኔ ምስክር ነኝ።"