ባለህበት ቁም

ተስፋሁንን የሚያውቁ ሰዎች ተረጋግቶ ተቀምጦ ያዩበትን ቀን አያስታውሱም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሲገባ ምሳውን የሚያዘው ቆሞ ነው፤ እስኪመጣለት ሁለት ጊዜ ወጥቶ የፓርኪንግ ሰዓቱን ያያል፤ ሳህኑ ከቀረበ በኋላም የመኪና ቁልፉ ከእጁ አይወርድም። ሚስቱ ሣህሊቱ እዚያው ሰፈር አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ ካሸር ናት። «እሱ ወንበር የሚያምነው የመኪና መሪ ከፊቱ ሲኖር ብቻ ነው» ትላለች።

እውነቷን ነው። ዲቪ ደርሶት ከናዝሬት የመጣ ጊዜ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ሲያቆም ሁለት ዓመት ሠራ። ከዚያ ወደ ኤርፖርት ተሻገረ። ሰባት ሰው የሚጭን ነጭ ቫን ይዞ፣ ሻንጣ ሲያወርድ ሻንጣ ሲጭን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ነዳ። አንድም መንገደኛ አውሮፕላን አምልጦት አያውቅም ይባልለታል፤ እሱም ይህን ሲሉለት እንዳልሰማ ሆኖ ይሰማል።

ሰላሙን የነሳችው ግን አንድያ ልጁ ዶርቃ ናት። ስድስት ዓመቷ ሳለ የመጣች፣ እዚሁ ተምራ የተመረቀች፣ ዳውንታውን የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ሥራ የያዘች ልጅ። በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ቬኬሽን ብላ ቬትናም ሄደች። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ፣ ሁለቱ ወር ዓመት አለፈው። ሆይ አን በምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ፣ ቱዊ ከምትባል ሴት ጋር ቱሪስቶችን በብስክሌት ገጠር እያዞሩ የእጅ ሥራ ያሳያሉ። ቱዊ ከፊት ትመራለች። ዶርቃ ከሁሉ ኋላ ሆና ማንም እንዳይጠፋ ትጠብቃለች።

«ኮሌጅ የበጠሰች ልጅ የብስክሌት ጅራት ሆነች» አለ ተስፋሁን ይህን የሰማ ቀን።

ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በየእሑዱ በሚነበበው የጸሎት ዝርዝር የዶርቃ ስም ከታመሙት ሰዎች ቀጥሎ ገባ። «በሄደችበት ጌታ ልቧን እንዲመልሰው» ይላል። ሰዉ ደግሞ በትሕትና ይጠይቃል። አሜሪካ የገባ ሰው ወደ ቬትናም ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ተስፋሁን ቁልፉን ይዞ ይነሣል።

በ2015 መጋቢት ላይ ከሥራው የአሥር ቀን ፈቃድ ወሰደ። ለሣህሊቱ ልጄን አይቻት እመጣለሁ አላት። ያልነገራት ነገር ቢኖር ከራሱ የመመለሻ ትኬት ጎን፣ በዶርቃ ስም፣ ከቬትናም ወደ ሎስ አንጀለስ የመምጫ ብቻ ትኬት መቁረጡን ነው። ሁለቱንም አትሞ ደረቱ ላይ በሚያንጠለጥላት ትንሽ ቦርሳ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀመጣቸው።

ዶርቃ ዳናንግ ኤርፖርት ተቀበለችው። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ሳቋ ግን ጨምሯል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለምን እንዳናደደው ለራሱም አልገባውም። ሦስት ቀን ከሷ ጋር ከረመ፤ ከረመ ማለት እሷ ሥራ ስትሄድ እሱ የወንዙን ዳር ወደ ላይ ወደ ታች ሲለካ ዋለ ማለት ነው። ማታ ማታ ነገሩ አፉ ላይ ይደርስና ወይ ጎረቤት ይመጣል፣ ወይ ልጅቷ ደክሟት ታንቀላፋለች። በሦስተኛው ማታ እሷው ቀደመችው።

«አባዬ፣ ነገ ከእኛ ጋር ና። ግማሽ ቀን ነው። ምን እንደምሠራ ታያለህ።»

ግማሽ ቀን ለአንድ ንግግር ይበቃል ብሎ አሰበና እሺ አለ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ቱሪስቶች ተሰበሰቡ፤ ሁለት የሆላንድ እኅትማማቾች፣ ከካናዳ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት፣ አንድ አውስትራሊያዊ ሽማግሌና ማርግሬት የምትባል ሚስቱ። ተስፋሁን ሳይጠየቅ የሁሉንም ጎማ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ ፍሬናቸውን እየጨበጠ አየ። ናዝሬት ልጅ ሳለ በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት ላይ ነበር ያደገው፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም እግሩ አልረሳም። ብስክሌቶቹን እንጨት ጀልባ ላይ ደራርበው ወንዙን ተሻገሩና ማዶ ካለችው ደሴት ወረዱ። ሩዝ በሩዝ የሆነ አገር ነው። መንገዱ በማሳው መሃል ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን ስፋቱ አንድ ብስክሌትና አንድ ሰው ቢያሳልፍ ነው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተስፋሁን ሁሉንም ዳር እያስያዘ አልፎ ከቱዊ ኋላ ደረሰ። ቱዊ ሳቀችና አሳለፈችው። ከኋላ የዶርቃ ድምፅ መጣ፤ መሪዋን ማንም አይቀድምም፣ ሕጉ ነው አለች በአማርኛ። ቀነስ አደረገ። ወዲያው ደግሞ እግሩ ፔዳሉን ረገጠ።

መጀመሪያ የቆሙት የሩዝ ሊጥ በእንፋሎት የምታበስል ሴት ቤት ነበር። በሚፈላ ድስት አፍ ላይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ሊጡን በጭልፋ ጀርባ ታሰፋዋለች፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ ይሆንና በቀርከሃ ዘንግ ይነሣል። ሁሉም በየተራ ሞከረ። ተስፋሁን የራሱን ቀደደና በልቶት ብስክሌቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ቀጥለው ጀልባ ከሚሠሩ ጠራቢዎች ግቢ ገቡ። እዚያ ዶርቃን ጠጋ ብሎ የድሮው ቢሮ ቦታዋን ይይዝላት እንደሆነ ጠየቃት። ለማርግሬት ውሃ እየቀዳች ነበር፤ የምን ቦታ አለችው። ተወው አላት።

ሦስተኛው ምንጣፍ የሚሠራበት ቤት ነው። ክሩ መሬት ላይ በረጅሙ ተወጥሯል። አንዲት አሮጊት ቁጢጥ ብላ ከባድ እንጨት ታነሣለች፣ ትጥላለች፤ ሌላዋ ሴት ከጎን ሆና ደንገል የመሰለ የተቀለመ ሣር በረጅም ዘንግ ጫፍ እያስያዘች በክሩ መሃል ትሰዳለች። ሁለት ሰው ካልሆነ አይሠራም። እንግዶቹ በየተራ ዘንጉን እየያዙ ሞከሩ፤ ተስፋሁንም ደረሰው። አሮጊቷ እንጨቱን ሳታነሣ እሱ ሰደደ፣ ሣሩ ተሰበረ። ሁለተኛውንም ሰበረው። በሦስተኛው አሮጊቷ መዳፏን እንጨቱ ላይ ጥላ ቀና ብላ አየችውና አንድ ነገር ተናገረች። ቱዊ በሳቅ ፈነዳች።

«ምን አለች?»

«የሚያባርርህ ሰው አለ ወይ ትልሃለች» አለች ዶርቃ።

ሁሉም ሳቁ። ተስፋሁንም ለመሳቅ ሞከረ፤ ፊቱ ግን እንቢ አለው። ተነሥቶ ልጁን በክንዷ ይዞ ወደ አጥሩ ወሰዳት። ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው። ለረጅም ጊዜ አነበበችው።

«ስሜ ነው።»

«ሐሙስ ነው። አብረን ነን።»

«ጠይቀኸኛል፣ አባዬ?»

«አባት ልጁን ወደ ቤቷ ለመውሰድ ማንን ይጠይቃል?»

ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችና እጁ ላይ አስቀመጠችው። «ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» አለችና ወደ እንግዶቿ ሄደች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ብስክሌቱን አነሣና ወጣ። ማንም አላየውም። ወደ ወንዙ እመለሳለሁ፣ ጀልባው ጋ እጠብቃቸዋለሁ ብሎ ነው። ወንዙ በግራ ነው። ሎስ አንጀለስን ከደቡቡ ጋርዴና እስከ ሰሜኑ ሸለቆ ዐይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሰው አንድ ደሴት አይጠፋበትም። በንዴት ረገጠ። መጀመሪያ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ቀጥሎ ቦይ ሲገጥመው ወደ ቀኝ፤ ቀጥሎ እንደገና ወደ ግራ። ሰማዩ ደመና ነው፣ ፀሐይ የት እንዳለች አይታወቅም። ተራራ የለም፣ የመንገድ ቁጥር የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቶ የመንገዱ ሲሚንቶ አለቀና ጭቃ ላይ ቆመ። ዞሮ ሲመለስ ቅድም ያላየው መስቀለኛ መንገድ ገጠመው። በየትኛው እንደመጣ አላወቀም። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች ዶርቃ።

«መንገድ ላይ።»

«ከጎንህ ምን አለ?»

«ሩዝ።»

«ሌላስ?»

ዞር ብሎ አየ። «ሩዝ። መቃብር አለ፣ ማሳው መሃል። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ።»

አወቅሁት አለች። ቦታው ሩቅ ነው። ማርግሬት ወድቃ ጉልበቷ ተልጧል፤ ቱዊ ሌሎቹን ይዛ ቀድማለች፤ ስለዚህ ዶርቃ ማርግሬትን ደግፋ ጀልባ ሳታደርስ መምጣት አትችልም።

«እኔ አባትሽ ነኝ» አለ ተስፋሁን።

«አውቃለሁ። ባለህበት ቁም። ከተንቀሳቀስክ አላገኝህም። ኦኬ? ባለህበት ቁም።»

ተዘጋ።

ቆመ። የቆመው ሰው ግን ተስፋሁን ነው። ብስክሌቱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዞረ። ሠላሳ እርምጃ ሄደና መቃብሮቹ ከዐይኑ ሊሰወሩ ሲሉ ደንግጦ ተመለሰ። ስልኩን አወጣ፣ ከተተ። አንዲት ባርኔጣዋ ሾጣጣ የሆነ ሴት ሣር ተሸክማ መጣች፤ ሁኔታውን አይታ በእጇ ወደ ወንዙ አመለከተችው፣ ተከተለኝም አለችው በምልክት። እግሩ ሊከተላት ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቁም ተብያለሁ» አላት በአማርኛ። ሴትየዋ እንደገባት ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

ከራሱ ጋር ይነታረክ ጀመር። አባቷን ሜዳ ላይ ጥላ ከማታውቃት ፈረንጅ ጋር! እንዲህ ሲል ቆየና ሳይጠራው አንድ ቀን ትዝ አለው። ዶርቃ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመወጣጫ ወድቃ እጇ ተሰበረና ደወሉለት። ቫኑ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር፤ ሁሉም ለአውሮፕላን የሚጣደፉ። እነሱን ሳያደርስ አልሄደም። ሆስፒታል የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሣህሊቱ ስንት ወር አኩርፋዋለች። ልጅቷ ግን በጀሶ እጇ ጣቱን ያዘችና መጣህ አለችው እንጂ አንድም ቀን አላነሣችበትም።

መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ወዲያው ተነሣ። እንደገና ቁጭ አለ።

ዶርቃ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይታ ደረሰች፤ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፣ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከብስክሌቷ ሳትወርድ ውሃ አቀበለችው። ጠጣ።

«ሴትዮዋ እንዴት ናት?» አለ።

«ደኅና ናት። ቁስሏ ታስሮላታል።»

«ያኔ እጅሽ የተሰበረ ጊዜ» አለ። «ሰባት ሰው ነበር ቫኑ ውስጥ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። እዚያው ሆስፒታል። አንዱ ሰውዬ ወደ እናቱ ቀብር እየሄደ ነበር ብለህ ነገርከኝ።»

ይህን መናገሩን ጨርሶ ረስቶታል። ሰውየውን ግን አስታወሰ፤ ጥቁር ክራባቱን፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ማየቱን። ዶርቃ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የሒሳብ ቢሮው ውስጥ ሳለች ማታ ስትገባ እናቷ ዛሬ ምን ሠራሽ ስትላት የምትመልሰው ይጠፋባት እንደነበር ነገረችው። እዚህ ለዘላለም እቀራለሁ አላለችም፤ እሱንም ገና አላውቅም አለች።

«አንድ ቀን ልመጣ እችላለሁ። ግን ራሴ እመጣለሁ እንጂ ተወስጄ አልመጣም።»

ተስፋሁን ራሱን ነቀነቀ። መስማማቱ አልነበረም፤ መስማቱ ነበር። መንገዱ ለሁለት ጎን ለጎን ስለማይበቃ ቅደም አለችው፤ እሷ ከኋላ ግራ፣ ቀኝ እያለች እስከ ጀልባው ድረስ አደረሰችው። ሁለት ጊዜ ፍጥነቱን ቀንሶ ዞር ብሎ አያት።

ሐሙስ ዕለት ኤርፖርቱ ውስጥ ሁለተኛዋ መንገደኛ የት ናት ብለው ጠየቁት። አትሄድም አለ። በበረራው ከጎኑ ባዶ በቀረው የዶርቃ ወንበር ላይ ጃኬቱን አስቀመጠ፤ ቆይቶ ጃኬቱን አነሣና እሱ ራሱ ተቀመጠበት፤ ቆይቶ ወደ ራሱ ወንበር ተመለሰ። ቀሪውን ሰዓት በመተላለፊያው ሲመላለስ አንዷ አስተናጋጅ አሞህ ይሆን ብላ ጠየቀችው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ፓስተር መክብብ ዝርዝሩን እያነበበ ከዶርቃ ስም ሲደርስ ተስፋሁን ከመቀመጫው ተነሣ። ሊወጣ ነው ብላ ሣህሊቱ ኮቱን ጎተተችው። አልወጣም።

«ይቅርታ፣ ፓስተር» አለ። «የልጄን ጸሎት ቀይሩልኝ። ትመለስ ብላችሁ አትጸልዩ። ሰው ትጠብቃለች፤ ሥራዋ እሱ ነው። የምትጠብቃቸው ሰዎች እንዳይወድቁባት፣ እንዳይጠፉባት ብላችሁ ጸልዩ።»

ፓስተሩ መነጽሩን አስተካክሎ በወረቀቱ ጥግ አንድ ነገር ጻፈና እሺ ጋሼ፣ ይቀመጡ አለው።

ሣህሊቱ ቀድማው መኪናው ውስጥ ገባች። በሩን ከዘጋች በኋላ ሌላ ትኬት ቆርጠህ ነበር አይደል አለችው፤ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፣ ፕሪንተሩ ውስጥ አንድ ቅጂ ቀርቶ ነበር። ስለ ጉዞው ሁሉንም ንገረኝ አለች፣ ከመጀመሪያው። ተስፋሁን ሞተሩን አስነሣ። ከጎማ ፍተሻው ጀመረላት፤ ክሬንሾ ጎዳናን አልፈው ቤታቸው ደርሰው ካቆመ በኋላም፣ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ገና የሩዝ ቂጣው ቤት ወሬ ላይ ነበር።